የጥር 9ኙ አደጋና የጥር 8ቱ ኢንሹራንስ

ጉዳዩ የ2012 ዓ.ም. ነው፤ ቦታው ጎንደር። ጥር 9 ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ሲመጣ የነበረ ሚኒባስ ተጋጨ። ባለቤቱ የራስን መኪና ጉዳት ጭምር የሚሸፍነውን ሙሉ ኢንሹራንስ ገብተዋል። አረቦኑን፣ ማለትም የዋስትናውን ክፍያ፣ አንድ ሳንቲም ሳያስቀሩ ከፍለዋል። ውሉን የገቡት ባለፈው ዓመት ጥር 10 ስለሆነ፣ በእሳቸው ቆጠራ ጥር 9 የመጨረሻዋ ቀን ብትሆንም ዋስትናው ውስጥ ናት። ኩባንያው ደግሞ "ውሉ ትናንት እኩለ ሌሊት ላይ አልቋል" አላቸው። ሁለቱም አልዋሹም። እንዴት እንደዚህ ሊሆን እንደቻለ በዝርዝር ልጽፈው ፈለግኩ፣ ምክንያቱም ነገሩ የእሳቸው ብቻ አይደለም፣ መኪና ኖሮት ውል የፈረመ ሰው ሁሉ ላይ ሊደርስ ይችላል።

የባለቤቱን ስም አልጠቅስም፤ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ። የኩባንያዎቹንም ስም ትቼዋለሁ። ወረቀቶቹን ግን አብሬያቸው ተቀምጬ አንብቤያለሁ።

ጋሼ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ሚኒባሷን የገዙት ባጠራቀሙት ገንዘብና ከዘመድ በተበደሩት ነው፤ የሚያሽከረክራት የእህታቸው ልጅ ነው። ጥንቃቄ የሚወዱ ሰው ናቸው። መኪናዋ ሥራ ከመጀመሯ በፊት ሙሉ ኢንሹራንስ ካልገባች አትንቀሳቀስም ብለው ጥር 10 ቀን 2011፣ ዓርብ፣ የከተራ ዕለት ቢሮው ሳይዘጋ ሮጠው ከፈሉ። ደረሰኙን ተቀበሉ፣ ውሉን ተቀበሉ፣ ከሊብሬው ጋር በአንድ ፌስታል ጠቅልለው ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጡት። በቃላቸውም "በየዓመቱ በከተራ" ብለው ያዙት። ለማስታወስ ከዚህ የተሻለ ቀን ከየት ይመጣል?

በ2012 ጥምቀት ሲቃረብ ከተማው ከወትሮው በላይ ሞልቶ ነበር። በዓሉ በዩኔስኮ የተመዘገበው ታኅሣሥ ወር ላይ ነው፣ ገና ወሬው ትኩስ ነው፣ እንግዳው ከየአቅጣጫው ይጎርፋል። ጋሼ ሚኒባሷን እንግዳ ለማመላለስ አከራይተዋት ነበር። ከአውሮፕላን ማረፊያው ሰው ጭና ስትመጣ፣ ማራኪ ሰፈር ሳትደርስ፣ ከፊቷ የነበረ ባጃጅ ተሳፋሪ ሊጭን ድንገት ቆመ። ልጁ ፍሬን ያዘ፣ አልበቃውም። የባጃጁን ኋላ ገጭቶ መሪውን ሲጠመዝዝ ዳር ላይ ካለ የኮንክሪት ምሰሶ ጋር ተላተመ። እግዚአብሔር ይመስገን ሰው አልሞተም። ባለባጃጁ ጉልበቱ ተላጠ፣ ተሳፋሪዎቹ ደነገጡ። ሚኒባሷ ግን ፊቷ ገባ። መስታወት፣ ራዲያተር፣ ፓራውልት፣ ሁለቱም መብራት። ጋራዥ በኋላ የሰጠው ፕሮፎርማ ከመቶ ሺህ ብር በላይ ነበር።

ትራፊክ ፖሊስ መጣ፣ ፕላን ተነሳ፣ ጥፋቱ የሚኒባሱ ሆነ። እስከዚህ ድረስ ጋሼ አልተረበሹም። ኢንሹራንስ የተፈጠረው ለዚህ ቀን ነው። ፌስታላቸውን ይዘው ቅዳሜ ቢሮ ከመዘጋቱ በፊት ደረሱ። ንብረትህ ላይ አደጋ ሲደርስ ሳታዘገይ ማሳወቅ ግዴታ ነው፤ የንግድ ሕጉ የሚሰጠው 5 ቀን ብቻ ስለሆነ በዚህ በኩል የሠሩት ትክክል ነው።

የካሳ ክፍል ሠራተኛዋ ወጣት ልጅ ናት። ውሉን ገለጠች፣ ኮምፒውተሯን አየች፣ እንደገና ውሉን አየች።

"ጋሼ፣ ውሉ እኮ ትናንት አልቋል።"

"እንዴት ትናንት? ልጄ፣ ዛሬ ጥር 9 ነው። እኔ የከፈልኩት ጥር 10 ነው። ዓመት አልሞላውም።"

"በእኛ አቆጣጠር እንደሚሉት ነው። ውሉ ግን በፈረንጅ ነው የተጻፈው። ጃንዋሪ 17 ነው የሚያበቃው።"

"ኧረ በአርባ አራቱ ታቦት! ዛሬ ስንት ነው ታዲያ?"

"ጃንዋሪ 18።"

ወረቀቱን እኔም በኋላ አየሁት። በውሉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ፣ የመኪናው ሰሌዳ፣ የሻሲ ቁጥርና የዋስትናው መጠን ከተጻፉበት ሥር፣ አንዲት መስመር አለች። ከጃንዋሪ 18 ቀን 2019 እስከ ጃንዋሪ 17 ቀን 2020 እኩለ ሌሊት፣ ሁለቱም ቀኖች ጨምሮ። በእንግሊዝኛ። ጋሼ እንግሊዝኛ ያነባሉ፣ ያቺንም መስመር አንብበዋታል። ያላደረጉት ጃንዋሪ 17 በሚቀጥለው ዓመት በእኛ ስንት ላይ እንደሚውል መቁጠር ነው። እና ማን ይቆጥራል?

አሁን ቆጠራው እንዴት እንደተዛባ ላሳያችሁ። 2011 ዘመነ ሉቃስ ነው፤ ጳጉሜ 6 ቀን ሆናለች። ስለዚህ የ2012 እንቁጣጣሽ በፈረንጅ ሴፕቴምበር 11 መሆኑ ቀርቶ ሴፕቴምበር 12 ላይ ዋለ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ቀን ሁሉ በአንድ ተገፋ። ፈረንጆቹ የእነሱን ተጨማሪ ቀን የሚያስገቡት ፌብሩዋሪ መጨረሻ ላይ ነው። ስለዚህ ከመስከረም እስከ የካቲት 20ዎቹ ድረስ ሁለቱ አቆጣጠሮች ከወትሮው በአንድ ቀን ይለያያሉ። ለዚህ ነው ጥምቀት አንዳንድ ዓመት ጃንዋሪ 19፣ አንዳንድ ዓመት ጃንዋሪ 20 የሚውለው። ጋሼ ውሉን ሲገቡ ጥር 10 ጃንዋሪ 18 ነበር። ዓመቱ ሲዞር ጃንዋሪ 18 ጥር 9 ሆነ። የመጨረሻዋ ቀን፣ ጃንዋሪ 17፣ ጥር 8 ላይ ወደቀች።

ጋሼ መጀመሪያ ያነሱት ክርክር "አንድ ቀኔን ወስደውብኛል" የሚል ነበር። ስንቆጥረው ግን አልተወሰደም። ከጃንዋሪ 18 እስከ ጃንዋሪ 17 ድፍን 365 ቀን አለ። የገዙትም የአንድ ዓመት ዋስትና ነው። ከጥር 10 እስከ ጥር 9 ያለው ግን ያን ዓመት ጳጉሜ 6 ስለነበረች 366 ቀን ነው። እሳቸው የጠበቁት 366ኛውን ቀን ነው፤ አደጋው የደረሰውም በእሱ ቀን ነው። ይሄን ስነግራቸው ዝም አሉ፣ ከዚያ "የሂሳብ አስተማሪ ነበርኩ እኮ" አሉኝ። ምን ልበላቸው?

ሁለተኛው ክርክር ከጎረቤት የመጣ ነው። "ሕጉ አንድ ወር ይሰጣል፣ ዝም ብለው ሊያቋርጡ አይችሉም።" ይሄ አባባል ከተማው ውስጥ በሰፊው ይወራል፣ ከፊሉም እውነት ስለሆነ ነው የሚያሳስተው። የ1952ቱ የንግድ ሕግ አንቀጽ 666 ላይ አረቦን በጊዜው ያልከፈለ ሰው ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል፣ ከማስጠንቀቂያው በኋላ አንድ ወር ካልከፈለ ነው ዋስትናው የሚታገደው ይላል። በ2013 አዲስ የንግድ ሕግ ሲወጣም የኢንሹራንሱ ክፍል አልተሻረም። ግን አንቀጹ የሚያወራው ገና ዘመኑ ስላላለቀ ውል ነው። ዘመኑ ያለቀ ውል ግን የሚታገድ ነገር የለውም። አልቋል። የጋሼ ጉዳይ ይሄኛው ነው። ዕዳ የለባቸውም፣ ውልም የላቸውም።

ሦስተኛው፣ "ሊያልቅ ነው ብሎ ማን ነገረኝ?" የሚል ነው። ኩባንያው በስልክ መልዕክት እንደላከ ይናገራል፤ ጋሼ ቁጥራቸውን ቀይረው ነበርና አልደረሳቸውም። እዚህ ላይ ልቤ ከጋሼ ጋር ነው፣ ክርክራቸው ግን አያስኬድም። የሚያበቃበት ቀን ውሉ ላይ ከተጻፈ ቀኑ ሲደርስ በራሱ ጊዜ ያልቃል። የማስታወሻ መልዕክቱ የኩባንያው በጎ ፈቃድ ነው እንጂ ውሉ ላይ ግዴታ ተደርጎ አልተጻፈም። ጋሼም ሲፈርሙ አልጠየቁም።

አራተኛው ክርክር ግን እኔን ያስቆጣኛል፣ መልስም የለውም። ጎንደር ውስጥ፣ ለጎንደር ሰው፣ በአማርኛ አስረድተህ፣ በአማርኛ አስፈርመህ፣ በብር ተቀብለህ፣ ቀኑን ለምን በፈረንጅ ብቻ ትጽፋለህ? ከጎኑ የእኛን ቀን መጻፍ ምን ያስከፍላል? አሻሚ የሆነ ውል ባዘጋጀው ወገን ላይ ይተረጎማል የሚል የታወቀ መርህ አለ፤ አንድ የማውቀው ጠበቃ እሱን አይቶ ነበር። ግን ጃንዋሪ 17 ቀን 2020 አሻሚ አይደለም። ቀን ነው፣ ዓመተ ምሕረቱም አብሮ አለ። ፍርድ ቤት ብትሄዱ ጊዜና ገንዘብ ነው የምታጠፉት አላቸው። ስለዚህ በሕግ ኩባንያው ትክክል ነው። በሥራው ግን ትክክል ነው አልልም። ደንበኛው የሚኖርበትን ቀን መቁጠሪያ ያልጻፈ ሰነድ ግማሽ ሰነድ ነው፣ እና ይሄን በአንዲት መስመር ማስተካከል የሚችሉ ሰዎች እስካሁን አለማድረጋቸው ያሳዝነኛል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጋሼ ቤት የተሰበሰበው ዘመድ ሌላ መላ አመጣ። "አደጋው ዓርብ ማታ ደረሰ ይባል፣ ትራፊኩን እናናግረዋለን" ያለ ነበር። "ዛሬውኑ አዲስ ውል ገብተህ አደጋው ከዚያ በኋላ የደረሰ አስመስል" ያለም ነበር። እንዲህ ያለ ምክር ሰው ሲጨንቀው በቅንነት ይመጣል፣ ክፋት ኖሮበት አይደለም። ሆኖም ሁለቱም ወንጀል ናቸው። በንግድ ሕጉም ቢሆን ሆን ብለህ የዋሸኸው ወይም የደበቅከው ነገር ውሉን ፈራሽ ያደርገዋል፤ ኩባንያው ሲደርስበት ካሳውንም ታጣለህ፣ ስምህንም ታጣለህ። ደግሞ ውል ያለቀበት መኪና እንደገና ሲገባ ብዙ ጊዜ ባለሙያ ወጥቶ ያየዋል፣ ፎቶ ያነሳዋል። የተሰበረ መኪና "ሳይሰበር ነበር" ተብሎ አያልፍም። ጋሼ ሁሉንም አዳምጠው "አርባ ዓመት ልጅ አትኩረጅ እያልኩ አስተምሬ ዛሬ እኔ አልኮርጅም" አሉ። እዚያ ላይ ወሬው ተዘጋ።

አሁን ወደ ባጃጁ። እዚህ ላይ ሌላ ቀን ጋሼን አዳናቸው።

ጋሼ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱን፣ ማለትም መኪናዋ በሌላ ሰው ላይ ለምታደርሰው ጉዳት የሚከፍለውን፣ የገቡት ለብቻ ነው፣ ሌላ ኩባንያ ጋ፣ ነሐሴ ወር ላይ ቦሎ ሲያሳድሱ። ሁለቱን አንድ ላይ ገብቶ በአንድ ቀን የሚያሳድሰው ሰው ብዙ ነው፤ ጋሼ ግን እንዲህ ለያይተውት ነበር። ስለዚህ ሙሉ ኢንሹራንሱ ሲያልቅ መስታወቱ ላይ የተለጠፈው የሦስተኛ ወገን ስቲከር ገና ወራት ይቀሩት ነበር። በጊዜው ይሠራበት የነበረው አዋጅ ቁጥር 799/2005 ነው። በዚያ አዋጅ መሠረት ሦስተኛ ወገን ንብረት ላይ ለሚደርስ ጉዳት እስከ 100,000 ብር፣ ለአስቸኳይ ሕክምና ደግሞ እስከ 2,000 ብር ይሸፈናል። የባለባጃጁ ጉልበት ታከመ። ባጃጁም ተጠገነለት። ጋሼ ለእሱ ከኪሳቸው አልከፈሉም።

ይሄ ጉዳይ በግልጽ ያሳየኝ ነገር ቢኖር "ኢንሹራንስ አለኝ" የሚለው አነጋገር ምን ያህል እንደሚያሳስት ነው። ጋሼ ያን ቀን ጠዋት ኢንሹራንስ ነበራቸው ወይስ አልነበራቸውም? ለባጃጁ ነበራቸው፣ ለራሳቸው መኪና አልነበራቸውም። ቦሎውም አልተቃጠለም። ትራፊክ ቢያስቆማቸው ሁሉም የሚለጠፍ ነገር ተለጥፏል፣ ማንም አይቀጣቸውም። ብዙ ሰው መስታወቱን አይቶ "ሁሉ አለ" ይላል። መስታወቱ ላይ የሚታየው ሕግ የሚያስገድደው ብቻ ነው። ሙሉ ኢንሹራንሱ አይለጠፍም፣ ሲያልቅም ማንም አያስቆምህም።

ሚኒባሷ በጋሼ ገንዘብ ተሠራች። ዕቁባቸውን ተለማምጠው ቀድመው ወሰዱ፣ የቀረውን ተበደሩ። የጥምቀት ሥራ እንዳለ አመለጣቸው፤ መኪናዋ እስክትጨርስ ሳምንታት አለፉ። ለዋናው መሥሪያ ቤትም አቤቱታ ጽፈው ነበር፣ ለዓመት ደንበኝነታቸው ታይቶ በልዩ ሁኔታ የሆነ ነገር እንዲደረግላቸው። መልሱ በትሕትና የተጻፈ እምቢታ ነበር።

ተሠርታ ስትወጣ እንደገና ገቡ፣ እዚያው ኩባንያ። የገረመኝ እሱ ነው፤ "ልጅቷ እውነቱን ነው የነገረችኝ፣ ሌላ ቦታ ማን እንደሚነግረኝ አላውቅም" አሉ። በዚህኛው ጊዜ አብሬያቸው ስለሄድኩ የጠየቋቸውን ልጻፍ፣ ለሌላውም ይጠቅማል።

መጀመሪያ የጠየቁት "ዛሬ ስከፍል ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነው የምሸፈነው?" ብለው ነው። ጥሩ ጥያቄ ነው። ደረሰኝ ማግኘትና መሸፈን አንድ አይደሉም። ዋስትናው የሚጀምረው ውሉ ላይ በተጻፈው ቀንና ሰዓት ነው። ጠዋት ከፍለህ ውሉ ከነገ ይጀምራል ተብሎ ከተጻፈ፣ ዛሬ ከሰዓት የሚደርስብህ ያንተ ነው። ውሉ እስኪታተም ጊዜያዊ የሽፋን ወረቀት ከተሰጠህም የራሱ ማብቂያ ቀን አለው፣ እሱንም ማየት ነው። ሰዓቱም እንዳያሳስታችሁ፤ በፈረንጅ የሌሊቱ 12 በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው። "12" የሚል ቁጥር አይቶ እስከ ንጋት 12 ሰዓት የሚመስለው ሰው ስድስት ሰዓት ሙሉ ያለዋስትና ይነዳል፤ ለሌሊት ተጓዥ መኪና ይሄ ቀላል አይደለም።

ቀጥለው "ቀደም ብዬ ባሳድስ ቀኔን ታቃጥሉብኛላችሁ?" አሉ። አያቃጥሉም። ብዙ ሰው እስከ መጨረሻዋ ቀን የሚጠብቀው የከፈለበት ቀን የሚባክን ስለሚመስለው ነው። ሁለት ሳምንት ቀድመህ ብታሳድስ አዲሱ ዘመን የሚጀምረው አሮጌው ካለቀበት ቅጽበት ነው፣ እንዲህ ተብሎ እንዲጻፍልህ ብቻ አረጋግጥ። ከኋላ ግን አይሠራም። ካለቀ በኋላ የምታሳድሰው ከዚያ ቀን ወዲያ ላለው ብቻ ነው፣ መሃል ላይ ያለፈው ቀን ክፍት ሆኖ ይቀራል።

በመጨረሻ ስክሪብቶ አውጥተው ከእንግሊዝኛው መስመር ጎን በእጃቸው የእኛን ቀን ጻፉ፣ የመጀመሪያውንም የመጨረሻውንም። ልጅቷ አብራቸው ቆጠረች፣ ፈረመች፣ ማኅተም አደረገችበት። አላንገራገረችም። ጠይቆ የተከለከለ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም፣ እና ኩባንያው ራሱ እስኪጽፍልን ድረስ ይሄንኑ ጠይቁ።

ቀን የማየቱ ነገር በመኪና ብቻ አያበቃም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደብተር ያላችሁም ዘመኑን ገልጣችሁ እዩት። እድሳቱ በየዓመቱ ነው፤ ያልታደሰ ደብተር ይዞ ጤና ጣቢያ የሚሄድ ሰው ከኪሱ ይከፍላል። ልጅ 18 ዓመት ሲሞላውም ከቤተሰቡ ደብተር ጋር ዝም ብሎ አይቀጥልም፣ ተጨማሪ መዋጮ ይጠየቅበታል። እናትና አባት ይሄን የሚሰሙት ልጁ ታሞ መስኮት ላይ ቆመው ሲሆን ያሳዝናል። ደብተሩን ደህና ቀን ላይ አውጡት።

ለመኪና ባለቤቶች አንድ የቀረ ነገር አለ። ከሉቃስ በሚቀጥለው ዓመት ከመስከረም እስከ የካቲት የታደሰ ውል ችግር የለበትም፣ እንዲያውም በእኛ አቆጣጠር አንድ ቀን ይተርፈዋል። የሚጎድለው በራሱ በሉቃስ ዓመት፣ ከመስከረም እስከ የካቲት ባለው ጊዜ የተገባ ውል ነው። የሚቀጥለው ሉቃስ 2019 ነው። በዚያ ዓመት ጥር 10 ውል የገባ ሰው የሚያበቃበት ጃንዋሪ 17 ቀን 2028 ነው፣ በእኛ ጥር 8 ቀን 2020፤ ጥር 9 ጠዋት ከአዘዞ እንግዳ ጭኖ ከመነሳቱ በፊት ማሳደስ አለበት።